ከማኅተሙ ሥር ያለው ቅንድብ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አናወራም። ዛሬ የምናወራው ስለ ከለር ነው። አዎ፣ ልጅ ሳለን ግድግዳ አቆሽሸንበት ስለተቆነጠጥንበት ከለር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው እማዬ ሁለታችንንም ጠርታ «ለሙት ዓመቱ የምንሰቅለው ፎቶ የለንም» አለችን። እውነቷን ነው። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰው ለፎቶ እንዲያምር ያለብሳል እንጂ ራሱ ካሜራ ፊት መቆም አይወድም። ያለን የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ላይ ክቡ ማኅተም መጥቶ ግማሽ ፊቱ ላይ ጉብ ብሏል። ፎቶ ቤት ወስደን አሳደግነው፤ ማኅተሙም አብሮ አደገ። በስልክ አፕሊኬሽን ማኅተሙን አስጠፋነው፤ ደስ የሚል ሰውዬ ወጣ፤ አባዬ ግን አይደለም።

እንግዲያው እንሳለው ተባባልን። (ከሁለታችን አንዷ የተመረቀችው በጋዜጠኝነት፣ ሌላዋ በአካውንቲንግ መሆኑ ይታወቅልን። የሥዕል ታሪካችን የሚያበቃው ሰባተኛ ክፍል ነው።)

መጀመሪያ የያዝነው የቀለም እርሳስ ነበር። ሦስት ምሽት ለፋን። መስመሩ ደህና ነው፣ ዓይኑም ዓይን ይመስላል፤ ፊቱ ግን ገርጥቶ ወጣ። እማዬ አየችና «ታሞ የነበረ ጊዜ ነው እንዴ?» አለች። ዝም ብለን አጠፍነው።

ከዚያ መርካቶ ወርደን ኦይል ፓስቴል ገዛን። ለማታውቁት፣ የልጆች የሰም ከለር ይመስላል፤ ግን ቀለሙ ከሰምና ከዘይት ጋር ስለሚለወስ ለስለስ ይላል፤ በጣት ሲያሹት ቅቤ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓን ውስጥ ሳኩራ በሚባለው ኩባንያ ለተማሪ ቤት ልጆች ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ የፓሪሱ ሴኔሊየር ለፒካሶ ብሎ ጥራቱ ከፍ ያለውን ሠራ። ከተማሪ ተነሥቶ ፒካሶ ዘንድ የደረሰ ነገር እኛን አያሳፍረንም አልን።

አላሳፈረንም። ቡናማውን ከብርቱካኑ፣ ትንሽ ቀይ ጣል አድርገን በጣታችን ስናሸው የአባዬ ፊት ሞቀ። ደም ገባበት። ግን ፓስቴሉ ጫፉ የጣት ያህል ነው። ዓይን ልሥራ ስትሉ ባቄላ ይወጣል። አንገቱ ላይ ዘወትር የሚያንጠለጥለው ቢጫ ሜትር የሙዝ ልጣጭ መሰለ።

እና ብልጥ ሆንን፦ ፓስቴሉን ለፊቱ፣ እርሳሱን ለዝርዝሩ! ቀለሙን ጠቅጥቀን ቀባንና እርሳስ ይዘን ወጣንበት። እርሳሱ አንሸራተተን። ጫን ስንለው ደግሞ ቀለሙን እንደ ማረሻ እየገለበጠ ቦይ አወጣ፤ ጫፉም በዘይት ተለስኖ መጻፍ እምቢ አለ። ሁለተኛው አባዬም ታጠፈ።

ጥፋታችን ኋላ ነው የገባን። ወረቀት ሸካራነት አለው፤ ቀለም የሚይዘው በዚያ ነው። ሸካራውን ገና ከመነሻው በፓስቴል ከደፈናችሁት እርሳሱ የሚቆናጠጠው ነገር ያጣል። ስለዚህ ወፈር ያለ ሸካራ ወረቀት ይዛችሁ፣ ፓስቴሉን በጎኑ አጋድማችሁ ሳስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ። በሶፍት ታሻላችሁ፤ የተረፈውን ቅባት ታነሣላችሁ። ከዚያ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ በቀላል እጅ። በየሁለት ሦስት መስመሩ ጫፉን በጨርቅ ትጠርጋላችሁ። ደግሞም ጥቁር እርሳስ በፈካ ፓስቴል ላይ ይታያል እንጂ ነጭ እርሳስ በጠቆረ ፓስቴል ላይ እምብዛም አይታይም። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድማችሁ ባዶውን መተው ነው።

ሽበቱን ግን ያወጣነው በእርሳስ አይደለም። ፀጉሩ ጋ ከሥር ነጭ፣ ከላይ ጥቁር ደረብንና ከአባዬ የቆርቆሮ ሣጥን መርፌ አውጥተን ላዩን ጫርነው። በጫርነው ቁጥር አንድ ነጭ ፀጉር ብቅ ይላል። ሜትሩም ተሳካ፤ ቢጫው ላይ ሰረዞቹ አንድ በአንድ በእርሳስ ሰፈሩ።

ቅንድቡ ላይ ስንደርስ ተጣላን።

አባዬ አንዱ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ፀጉር አይበቅልበትም። ማኅተሙ ሥር ይሁን አይሁን ማየት አይቻልም። አንዳችን «ስናየው በቀኛችን በኩል ነው» አልን፤ አንዳችን «በግራችን ነው» አልን። ሃያ ምናምን ዓመት አብረነው ኖረን! ድምፃችን ከፍ እያለ መጣ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። የፈራነው ስህተቱን አልነበረም። በዓመት ውስጥ ይህን ከረሳን በአሥር ዓመት ምን ሊተርፈን ነው?

በፓስቴሉ ይሄ ጥያቄ አልመጣም ነበር። ፓስቴል «እዚህ ገደማ» ብሎ ያልፋል። ጥላ ጣል፣ ጠየም፣ አሸት፣ አለቀ። እርሳስ ግን «የት? ስንት? በየትኛው በኩል?» ይላል። ከሁለታችን ጋዜጠኝነት የተማረችዋ ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሰምታዋለች። «አንዳንድ ነዋሪዎች እንደሚሉት» ብለን የጻፍነው ዜና ሁሉ ትዝ አለን። ያ ሁሉ ፓስቴል ነበር። ፓስቴል መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ያለ እሱ ፊቱ ገርጥቶ አይተናል። ግን የትኛውም ፊት ይሆናል። የእኛ የሚሆነው በእርሳሱ ነው፤ እርሳሱ ደግሞ የማያውቁትን አይሥልም።

እማዬን ጠየቅናት። ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና ጣቷን ወደ ቀኛችን ዘረጋች። «የግራ ቅንድቡ ነው። ልጅ ሆኖ ከአጥር ወድቆ ነው።» ታዲያ ሌላኛችን ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስናይ ኖርን? እማዬ ሳቀች። «ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ከኋላው ቆመሽ በመስታወት ነበራ የምታይው!»

እንደዚያ ነው ለካ። ሁለታችንም አልረሳንም። አንዳችን ፊት ለፊት፣ አንዳችን በመስታወት ያየነውን ነው የያዝነው። እሪታ በሚመስል ሳቅ ሳቅን፤ ከዚያ ያው አለቀስን።

ጠባሳውን ሦስት አጭር ሰረዝ ባዶ በመተው ሠራነው። አካባቢውን በጥቁር ቡናማ እርሳስ ፀጉር በፀጉር ሞላነው። እማዬ «ይኸው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቀረን። ኦይል ፓስቴል እንደ ቅብ ቀለም ደርቆ አይጠነክርም፤ ከዓመት በኋላም ቢነኩት ይነሣል። መስታወት ባለው ፍሬም መግባት አለበት፤ መስታወቱም ቀለሙን እንዳይነካው ዙሪያውን ካርቶን ይደረግለታል። እኛ ፍሬሙ እስኪመጣ አልጋ ላይ አስቀምጠነው ነበር። እማዬ ማንም ሳያያት ገብታ ጉንጩን ዳብሳለች። የጣቷ ፈለግ ጉንጩ ላይ ቀርቷል።

ማስተካከል ቀላል ነበር፤ በሶፍት አሸት ማድረግ ብቻ ነው። አልነካነውም። እንደዚያው ፍሬም ገባ፤ ሙት ዓመቱን ሊያስቡ የመጡ ጎረቤቶችም ገና ከበር «ውይ፣ እሱን እኮ ነው!» አሉ።

እናንተም ቤት ማኅተም ያረፈበት ፎቶ ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች ሳሉ ጠይቋቸው። ቸር ያሰንብተን።