ስንት ዋት ይበቃናል?

«ስንት ዋት ነው?» ቴፕ ወይም ስፒከር ሊገዛ የወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ ወደተጻፈው ቁጥር ይጠቁማል። የምተዳደረው ቴፕና ቴሌቪዥን በመጠገን ስለሆነ ጥያቄው ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። ባለፈው ዓመት ግን እኛው ቤት ገብቶ ሊያጣላን ደረሰ።

አባታችን 76 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ትልቁ ደስታቸው ከሰዓት በኋላ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ማዳመጥ ነው። ከቅርብ ጊዜ ጀምሮ ግን «ግጥሙ አይለይልኝም፤ ይኼ ቴፕ ደክሟል» ማለት አበዙ። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ እናቴ «ኧረ ከላይ ቤት አራስ አለች!» ትላለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነዋ። ታናሽ ወንድሜ መፍትሔው ባለ 5000 ዋት አምፕሊፋየር ነው ብሎ፣ ስድስት ወር ያጠራቀመውን ብር ይዞ መርካቶ ሊወርድ ተነሳ።

አብሬው ሄድኩ። ካርቶኑ ላይ ከ5000 ዋት ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል «ፒኤምፒኦ» ይላል። ይህ ለቅጽበት ሊወጣ ይችላል ተብሎ ለገበያ የሚነፋ ቁጥር ነው። መታየት ያለበት ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል፣ «አርኤምኤስ» የሚባለው ነው። አዙሬ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየሁት፦ ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 5000 ሊሰጥ አይችልም።

«ታዲያ 5000ው የት ሄደ?» አለኝ።

«ካርቶኑ ላይ ነው» አልኩት።

ለመሆኑ ለአንድ ሳሎን ስንት ይበቃል? ብዙ የቤት ስፒከሮች በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣሉ። ሰው ዝም ብሎ ሲያወራ 60 ገደማ ነው። ስለዚህ ቡና እየተጠጣ ለሚሰማ ሙዚቃ ከ1 ዋት ያነሰ ይበቃል። የቀረው የሚያስፈልገው ከበሮው ሲመታ፣ ዘፋኙ ድምፁን ሲለቀው ድንገት ለሚመጣው ከፍታ ነው። ለዚህም ለተራ ሳሎን እውነተኛ ከ30 እስከ 50 ዋት በቂ ነው። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። በአንጻሩ አቅም ያነሰው አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻ ሲከፈት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከርም ሊያቃጥላት ይችላል።

ሳንገዛ ተመለስን። የአባባ ሶፋ ከስፒከሮቹ 4 ሜትር ይርቅ ነበር። ወደ 2 ሜትር አስጠጋነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ዋቱን 4 እጥፍ እንደማሳደግ ነው፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፅ ስለሚመልስ ልዩነቱ ትንሽ ያንሳል። ስፒከሮቹንም ከወለል አንስተን በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት አደረግናቸው። ለውጡ ታየ፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ቃል ያመልጣቸው ነበር።

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚከዳው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ፤ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ይህንን ስነግራቸው «አርጅተዋል ልትሉኝ ነው?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን እናቴ አግባብታ ላከቻቸው። የወንድሜ ብር ለጆሮ ምርመራና ለመስሚያ መሣሪያ ዋለ። ቴፑ ያው የድሮው ነው።

ዕቃ ልትገዙ ስትወጡ የካርቶኑን ፊት ትታችሁ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ቤታችሁ ውስጥ «ድምፅ ጨምሩልኝ» የሚል አዛውንት ካለ ደግሞ፣ ዋት ከመጨመራችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩለት።