«እስኪ»ን ተርጉሙላቸው

ውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ወጥ መሥራት የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። መማራቸው ደስ ይለኛል። የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ የምግብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ሲወጣም ደስ ብሎኛል። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ።

የእህቴ ልጅ ያደገችው ቨርጂኒያ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ከኢንተርኔት ያገኘችውን የዶሮ ወጥ አሠራር ላከችልኝና «አክስቴ፣ ይሄ ‹ኩክ ዳውን› የሚሉትን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» አለችኝ። ሽንኩርቱን በዘይት ሃያ ደቂቃ «ኩክ ዳውን» አድርጊ ይላል።

«ኩክ» ማብሰል፣ «ዳውን» ወደ ታች። ሁለቱ ሲጋጠሙ ውሃው ተንኖ፣ ድስት ሙሉው ዝቅ እስኪል ማብሰል ማለት ነው። ፈረንሳዮች «እንዲቀንስ ማድረግ» ይሉታል፤ ጀርመኖች «አይንኮኸን»፣ ወደ ውስጥ ማብሰል እንደ ማለት። የሁሉም ዓይን መጠኑ ላይ ነው። የእኛ «ማቁላላት» ቡና ከምንቆላበት ግስ ጋር ዘመድ ነው፤ «ላ» የተደገመችው የእጁን መመላለስ ይዛ ነው። ስለዚህ መልሱ ቀላል ነበር፤ «ማቁላላት ነው የኔ ልጅ» አልኳት። ግሱን ማወቋ ግን ወጡን አይሠራላትም።

እኛ የተማርነው በደቂቃ አይደለም። እናቶቻችን «ሃያ ደቂቃ» ብለውን አያውቁም። «እስኪ» ነው የሚሉት። ደቆ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ውሃው እስኪመጥ ይማሰላል። ከዚያ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ይደረግለታል፤ ድምፁ ጭስስ ብሎ ይበርዳል፤ እንደገና እስኪይዝ ይጠበቃል። ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ እስኪለቅ፣ ክትፉ መልኩ እስኪጠፋ፣ ማማሰያው ያለፈበት የድስቱ ቂጥ ለአፍታ እስኪታይ። ዘይቱ ወይም ቅቤው የሚገባው ያኔ ነው። በርበሬው ሲጨመርም ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪቀር፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ።

ደቂቃ ባሕር አይሻገርም። እኔ ያለሁባት የአዲስ አበባዋ ሳሪስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሷ ጋ በ100 ነው። ሽንኩርቱ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ሙቀት ብዙም ስለማያልፍ፣ የኔ ድስት የሚሟሽሽበት ጊዜ ከእሷ ይረዝማል። ሽንኩርቱም ሌላ ነው። እኔ ሳሪስ ገበያ የምገዛው ከመቂና ከዝዋይ በደብረ ዘይት መንገድ ተጭኖ የሚመጣውን ቀዩን ነው። የእናቴ ትንንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ነበር፤ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። የእህቴ ልጅ ትልቁን ቢጫ ሽንኩርት ነው የምትከትፈው፤ ውሃው አያልቅም። ሃያ ደቂቃ ለማናችን ነው? ዘይቱ ቀድሞ ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ከውሃ ያልፋል፤ ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ዳር ዳሩ ይጠበሳል፣ ወጡም አይያያዝም። ልጆቹ «ወጤ እንደ እማዬ አይወፍርም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ውጭ ያላችሁ እናቶች፣ አክስቶች፣ አሠራሩን በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ የተቁላላውን ስም፣ «ቁሌት»ን፣ እንዳለ ተዉት። እንጀራን እንጀራ ካሉ ቁሌትንም ይለምዱታል። መተርጎም ያለበት ከሥሩ ያለው «እስኪ» ነው፤ ምን እስኪታይ፣ ምን እስኪሸት፣ ምን እስኪሰማ። ረጅም ይሆናል፤ ይርዘም። ከቻላችሁ ድምፁንም በስልክ ቅዱላቸው፤ ውሃ ያለው ሽንኩርትና ውሃው ያለቀ ሽንኩርት ድምፃቸው ለየቅል ነው።

እኔን አሁን የያዘኝ «መከለስ» ነው። ለፈተና እንከልሳለን፣ ጽሑፍ እንከልሳለን፣ ወጥም ሊወርድ ሲል ኮረሪማ ያለበት መከለሻ ይነሰነስበታል። ለእህቴ ልጅ «በመጨረሻ ቅመም ጨምሪ» ብዬ አልፌዋለሁ፤ አልረካሁበትም። እናንተ ለልጆቻችሁ እንዴት እንደምትነግሯቸው ጻፉልኝ።