ከሁለት አንዱን

በአገራችን ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ይላካል፤ ዘር ይቆጠራል፤ ጥሎሽ ይወሰናል፤ በመጨረሻም ቀን ይቆረጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ትልልቆቹ ናቸው። እዚህ አሜሪካ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሯ ገና ሳይሞላ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ቃል የምትተሳሰርበት ሥርዓት አለ። «ኧርሊ ዲሲዥን» ይሉታል። እኔ ለራሴ «የማለዳ ቃል» እያልኩ እጠራዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ከሚመኛቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ይመርጣል። ማመልከቻውን በአብዛኛው እስከ ኖቬምበር 1 ቀን ያስገባል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 መሆኑ ነው። መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። ከተቀበሉት፣ ለሌሎቹ የላከውን ማመልከቻ ሁሉ ሰርዞ እዚያው ይገባል። ለዚህም ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርማሉ። ከውሉ የሚያስወጣ ዋናው ምክንያት የተሰጠው የገንዘብ እርዳታ ለቤተሰቡ አቅም የማይበቃ ሆኖ መገኘቱ ነው። በመደበኛው መንገድ የሚያመለክተው ግን በማርች መጨረሻ ገደማ መልሱን ያገኛል፤ የተቀበሉትን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦም እስከ ሜይ 1 ቀን ያማርጣል።

ታዲያ ማማረጥ እየተቻለ ሰው ለምን ቀድሞ ይታሰራል? በሩ በማለዳ ሰፋ ስለሚል ነው። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መጽሐፍ፣ ቀድሞ ማመልከት በኤስ ኤ ቲ ፈተና ላይ 100 ነጥብ ያህል እንደ መጨመር ይቆጠራል ብለዋል። ዩኒቨርሲቲውም ወንበሩ እንደሚሞላ አስቀድሞ ያውቃል። የሚጎዳው ዋጋ ማወዳደር የሚያስፈልገው ድሃ ነው። ሃርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 «ይህ ነገር ለባለጸጋ ልጅ ያደላል» ብለው ቀድሞ መቀበልን እንደሚተዉ አስታወቁ፤ በ2011 ግን በማያስር መልኩ መለሱት። አብዛኞቹ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አልተከተሏቸውም ነበር።

እኛ ቤት ጉዳዩ የገባው በልጄ በኩል ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ከብዙ ማውጣትና ማውረድ በኋላ ሁለት ስም ይዛ ቀረበች፤ ጆንስ ሆፕኪንስና ኮርኔል። ሁለቱም በየዓመቱ ከመቶ አመልካች አሥሩን እንኳ የማይቀበሉ ናቸው። ሁለቱም ቀድሞ ላመለከተ ቃሉን ያስራሉ። ስለዚህ ከሁለት አንዱ መቅረት ነበረበት።

የባለቤቴ ምርጫ ሳትናገረውም የታወቀ ነው። ሆፕኪንስ ባልቲሞር ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋ ከቤታችን በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። የኮርኔል ከተማ ኢታካ ግን በሰሜን ኒው ዮርክ ተራሮች መካከል፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ተነድቶ የሚደረስበት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሆፕኪንስ ማለት ሐኪም ቤት ማለት ነው። ማኅበር ላይ ስሙ ሲነሣ «ዶክተር ልትሆን ነዋ!» የማይል የለም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በዚህ አገር የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ከአራት ዓመት ኮሌጅ በኋላ፣ በሌላ ማመልከቻና በሌላ ፈተና ነው። ሆፕኪንስ የገባ ልጅ ሐኪም ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ከኮርኔል ወጥቶም ሐኪም የሚሆን አለ።

በ1876 ሲከፈት ሆፕኪንስ የጀርመኖቹን ፈለግ ተከትሎ ምርምርን ዋና ሥራው በማድረግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2018 ማይክል ብሉምበርግ፣ እዚያው የተማረ ባለጸጋ፣ ለተማሪዎች እርዳታ እንዲውል 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶታል። ይህን ለባለቤቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ክርክሯን በገዛ እጄ አጠናከርኩላት።

ኮርኔል በ1865 የተመሠረተው በቴሌግራፍ ሥራ ገንዘብ ባገኘው በኤዝራ ኮርኔል ስም ነው። ከመጀመሪያው እርሻና መካኒክነት ከላቲንና ከግሪክ እኩል እንዲከበሩበት ታስቦ ነው። እዚያ የሚያመለክት ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ ሳይሆን ለአንዱ ኮሌጅ ነው የሚያመለክተው። ልጄ የፈለገችው የእርሻና የሕይወት ሳይንስ ኮሌጁን ነበር። ዕፀዋት ትወዳለች። ክፍሏ መስኮት ላይ የማይበቅል ነገር የለም፤ ጤናዳም እንኳ አለ። ሆፕኪንስ ባዮሎጂ አለው፤ የእርሻ ኮሌጅ ግን የለውም።

«እኛ ከእርሻ ሸሽተን አሜሪካ መጣን፤ እሷ አሜሪካ ተወልዳ እርሻ ልትማር!» አለች ባለቤቴ።

«እማዬ፣ ሞፈር አልይዝም እኮ!» አለች ልጄ።

ኮርኔል ከ2008 ጀምሮ የስንዴ ዋግን ለመቋቋም ብዙ አገሮች የተሳተፉበትን ሥራ መርቷል። ዩጂ 99 የተባለው አደገኛ ዋግ ከኡጋንዳ ተነሥቶ ነበርና የእኛም አገር ተመራማሪዎች በሥራው ውስጥ ነበሩበት። ዶክተር ሰገነት ቀለሙንም አነሣሁ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ አሜሪካ ዶክትሬቷን ከያዘች በኋላ ኮርኔል ምርምር የሠራች፣ በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኘች፣ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 የመራች ሴት ናት። ባለቤቴ በጥሞና ሰማችኝና «እሷስ እሺ፤ እኔ የምጠይቅህ ልጄ ቢያማት ማን ሾርባ ይሠራላታል ነው» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም።

እኔ በዚህ ነገር ውስጥ ቀና ብዬ ለመፍረድ የሚከብደኝ ምክንያት አለኝ። በ1980 ዓ.ም. ማትሪክ ወስጄ ፎርም ስሞላ አንደኛ ምርጫዬ ሕክምና ነበር። ስሜን ሰሌዳ ላይ ያገኘሁት ግን ዓለማያ ከተመደቡት መካከል ነው። ነጥቡ ይቆርጣል፣ መንግሥት ይመድባል፤ ሻንጣ ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነው የሚቀረው። እናቴ «ልጄን ገበሬ ሊያደርጉት ነው» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ሐረርጌን ወደድኩት፤ ጓደኛ አፈራሁበት፤ አፈር መመርመር ተማርኩበት። አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚወደው የመረጠውን ሳይሆን የደረሰውን ነው። ታዲያ አሥራ ሰባት ዓመቷን «ምረጪ፤ አትሳሳቺ» ብሎ ማስጨነቅ ምን ይባላል? በሌላ በኩል ደግሞ ለእኔ ያልተሰጠኝን የመምረጥ ዕድል እሷ ስታገኝ እጇን ይዤ ወደ ሰሌዳው ልመልሳት ነው?

ሁለቱንም ሄደን አየን። ባልቲሞር ቀይ ጡቡ፣ ሣሩ፣ ጸጥታው ደስ ይላል። ኢታካ ሐይቁ፣ ገደሉ፣ ፏፏቴው ያስደነግጣል። ባለቤቴ ዳገቱን እያለከለከች «ይህ እንጦጦ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም» አለች። ልጄ ግን ከዕፀዋቱ የመስታወት ቤት ገብታ አልወጣ አለችን።

ከዚያ ሦስት ነገር አደረግን። መጀመሪያ ገንዘቡን አሰላን። የሁለቱም ሙሉ ወጪ፣ ምግብና መኝታ ጨምሮ፣ በዓመት ወደ 90,000 ዶላር ግድም ነበር። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ ቤተሰብ እንደ ገቢው በእርግጥ የሚከፍለውን የሚገምትበት ማስሊያ እንዲያቀርብ በሕግ ተገዷል። የግብር ወረቀታችንን ይዘን ሞላነው። የኮርኔል የእርሻ ኮሌጅ ለኒው ዮርክ ነዋሪ ክፍያ ይቀንሳል፤ እኛ የሜሪላንድ ሰዎች ነንና አይመለከተንም። ቢሆንም በሁለቱ መካከል የወጣው ልዩነት ምርጫውን የሚወስን አልነበረም። ማስሊያው ከአቅማችን በላይ የሆነ ቁጥር ቢሰጠን ኖሮ ቃሉን ማሰር የሚባል ነገር እዚያው ያበቃ ነበር።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ አዘጋጀን። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ላመለከተ ቀድሞ ይመልሳል፤ ግን አያስርም። የማለዳው ቃልም እንዲህ ያለውን ማመልከቻ አይከለክልም። ልጄ እሱንም በዚያው በኖቬምበር 1 አስገባች።

ሦስተኛው አንድ ጥያቄ ነበር። ወዳጆቻችን «የት የመግባት ዕድሏ ይሻላል?» እያሉ ብዙ መክረውን ነበር። እኔ ጥያቄውን ገልብጬ፣ «ዛሬ ማታ ሁለቱም ተቀብለንሻል ቢሉሽ ለየትኛው ታለቅሻለሽ?» አልኳት።

«ለቀረው ነው ወይስ ለገባሁበት?»

«ለቀረው።»

ጥቂት ዝም ብላ «ሆፕኪንስ ቢቀር እማዬ ታለቅሳለች። ኮርኔል ቢቀር እኔ» አለች።

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም፤ የቀረው የወላጅ ፊርማ ነው። ፊርማው እንደ ድሮው በቀለም የሚጣል አይደለም፤ በኮምፒዩተር ስም መጻፍ ነው። የሚጠየቀውም የአንድ ወላጅ ብቻ ነው። እኔ መፈረም እችል ነበር፤ ባለቤቴም ይህን ታውቃለች። ግን ልጅቷ የምትርቀው ከእሷ ነውና ለእሷ ተውኩት። አምስት ቀን ዝም አለች። በስድስተኛው ከሥራ ስትመለስ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበች። «ቃል ሰጥታ ብትቀርስ?» ስትል ጠየቀችኝ። ቃል ሰጥቶ የሚቀር ልጅ ትምህርት ቤቱንም ሊያስነቅፍ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲም ሊያሳጣው እንደሚችል ነገርኳት። «እንግዲያ እንደ ጋብቻ ነው» አለችና ስሟን ጻፈች።

ይህን ስጽፍ መልሱ ገና አልመጣም። አይሆንም ቢሉ ሜሪላንድ አለ፤ ሆፕኪንስም በጃንዋሪ ሁለተኛ ዙር አለው። ባለቤቴ ይህን ሁለተኛ ዙር እኔ ሳልነግራት አግኝታዋለች። ለኢታካ ክረምት የሚሆን ወፍራም ካፖርትም ገዝታ፣ ቢመለስ እንዲቀበሏት ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣለች።