ጥቁር ሸክላ በቀይ ቤት

ሐረር ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው የለም። ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌም፣ ዛሬ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛም እኩል «አንተ» ነው። ስለዚህ ከመኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ከሚያንጫጩበት ጎዳና፣ ወደ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ስታጠፍ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው «አቦ፣ ግባ እንጂ! ጫማህን ብቻ አውልቅ» ሲሉኝ ከክብር ቆጠርኩት።

ከውጭ ግንቡ በኖራ ነጭ ነው። ውስጡ ግን ቀይ። ወለሉም፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉት መቀመጫ መደቦች፣ ነደባዎቹም፣ በቀይ አፈር ተለቅልቀው ያብለጨልጫሉ። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይላሉ የከተማዋ ሰዎች። በአንድ የሐረሪ ቤት አምስት ነደባ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው፦ አሚር ነደባ ለአባወራው፣ ሱጥሪ ነደባ ገለል ላለ ማረፊያ፣ ሌሎቹም እንደየሰዉ። እኔ የትኛው ላይ እንደምቀመጥ ሳልጠየቅ ተወስኖልኝ ነበር።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ ራቁት ቦታ አጣሁ። የሐረር ሴቶች ስፌት፣ አበባ የታተመባቸው የብረት ሳህኖች፣ ከባሕር ማዶ የመጡ የሸክላ ሳህኖች፤ በግንቡ ውስጥ ተቦርቡረው በተሠሩት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ደግሞ ስኒዎች፣ ጎድጓዳ ሳህኖችና ቅዱሳት መጻሕፍት። ይህን ያህል ዕቃ በአንድ ክፍል ተሰቅሎ ዓይን አለመድከሙ ገረመኝ። ሚስጥሩ ግንበኛው ግድግዳውን ሲያቆም ዕቃውን አስቀድሞ ማሰቡ ይመስለኛል። በትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ የሐረር ሳህን በምስማር ተሰቅሎ አይቻለሁ። ያምራል፤ ግን ማንም አውርዶ አይበላበትም።

ከሁሉም ልቤን የወሰዱት አፍላላዎቹ ናቸው። ጥቁር ሸክላ፣ ሆዳቸው ክብ፣ ክዳናቸው ሾጣጣ ስፌት። ወርቅ፣ ገንዘብ፣ ዘር፣ እንዲህ ያለው ሁሉ የሚቀመጥባቸው ካዝናዎች ናቸው። እናቲቱ አንዱን አውርደው ሰጡኝ። ከጠበቅኩት በላይ ይከብዳል፤ ገላው በቤት ጭስና በእጅ ብዛት ለስልሷል። ከፍ ብለው መደርደራቸው ለማማር ብቻ አይደለም፦ ልጅ አይደርስባቸውም፣ እጁን የሰደደ ሰውም ከየትኛውም ነደባ ይታያል። ቁልፍ የማያስፈልገው ካዝና ማለት ይህ ነው።

ባሕር ማዶ የተሠራ ሸክላን መውደድ እዚህ አገር የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተባለው ቦታ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ብቻ ሳይሆን ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ሸክላዎችና ሌሎች ዕቃዎችም ተገኝተዋል። ያን ሁሉ መንገድ በመርከብና በግመል ተጉዞ ያልተሰበረ ሳህን ቤቱ የገባለት ሰው የት ያስቀምጠው ነበር? ግድግዳውን እያየሁ መልሱን የገመትኩ መሰለኝ።

ዓይኔ ወደ ታች ወርዶ ከወለሉ ብዙም ያልራቀች መደርደሪያ ላይ ያረፈው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻዋን የተቀመጠች ወፍራም የሸክላ ኩባያ፣ በግራና በቀኝ ትልልቅ ጆሮ ያላት። ከዚያ ሁሉ ጌጥ መካከል እንግዳ ናት።

«የባሌ ወንድም ኩባያ ናት» አሉ እናቲቱ። «ቢሲዲሞ ታክሞ ድኗል። እጁ ግን ትኩስ አያውቅም።»

ከሐረር ብዙም የማይርቀው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የቆየ ነው። የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1957 በቩርትስቡርግ ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ቢሲዲሞ ነበር። ሥጋ ደዌ የእጅን ነርቭ ይጎዳል፤ በሽታው በመድኃኒት ቢድንም የሞተው ነርቭ ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጆሮ የሌላትን የቡና ስኒያችንን ሲይዝ ጣቱ ተቃጥሎ እንኳ አይታወቀውም። ይህች ኩባያ ደግሞ ውፍረቷ ሙቀቱን ያዘገያል፣ ጆሮዋ ለታጠፈ ጣት ይበቃል፣ ቦታዋም ሰውየው ተቀምጦ በሚደርስበት ልክ ነው። እሷም እንደ አፍላላዎቹ በእጅ ብዛት ለስልሳለች። ማድቤት አልደበቋትም።

በማግሥቱ ሸዋ በር ገበያ ሄጄ ጀበናና ማጨሻ ደርድራ የተቀመጠች አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ቆምኩ። ኩባያዋን በወረቀት ሥዬ አሳየኋት።

«ባለ ሁለት ጆሮ? ለማን ነው?»

ነገርኳት። ወረቀቱን አዙራ አየችው፣ ከዚያ የጀበናዋን ጆሮ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ይሄ የሣልከው ከሆዱ ተጣብቋል፤ ቡናው ሲሞቅ ጆሮውም ይሞቃል፣ አቦ! ራቅ አድርጌ፣ አራት ጣት እንዲያስገባ እሠራዋለሁ። ቂጡንም አሰፋዋለሁ፣ ቢገፋው እንዳይደፋ።» ዋጋውን ነገረችኝ፤ ሳልከራከር ቀብድ ከፈልኩ። ስንት እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ስድስት አልኳት።