ኮምፒዩተር ታቅፌ ከገላን እስከ ምናለሽ ተራ

እኔ ኮምፒዩተር ታቅፌ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሳቋርጥ ነው የሰነበትኩት። ላፕቶፕ እንዳይመስላችሁ! ያቺን ከባድ ሳጥን ነው፤ ሁላችንም “ሲፒዩ” የምንላትን። (እውነተኛው ሲፒዩ ውስጧ ያለችው፣ የክብሪት ቀፎ እንኳ የማታክል ነገር ናት ይላሉ የተማሩት። ይሁን፣ ለሳጥኗ ስሙ አንዴ ወጥቶላታል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ኮምፒዩተሩን አበራለሁ። እማዬ ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ አቦሉን ስትቀዳ እሱ ገና በመከፈት ላይ ነው። ከተከፈተም በኋላ ቀስቱ መሀል ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ማውሱን ብትገፉት፣ ብትደበድቡት፣ ብትለምኑት ወይ ፍንክች! አምስት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነቃል። እማዬ “ደክሞት ይሆናል፤ ለምን አታሳርፈውም?” ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። ለካስ መሳቅ አልነበረብኝም።

ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ የዶሮ ማነቂያ ልጆች ነን። ወደ ገላን ጉራ የመጣነው ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነው። ከመነሣታችን በፊት በነበሩት ቀናት ስልኬን ይዤ ፎቶ ያላነሣሁት በር የለም፤ የጋራ ቧንቧው፣ የጋራ ሽንት ቤቱ ሳይቀር። አባቴ ያንን አላየም፤ ያረፈው በ2014 ነው። የሱም የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያው ስልክ ላይ ነበሩ። ስልኩ ሲሞላብኝ ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጥኩና ከስልኩ አጠፋሁ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩም ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ 640 ፎቶ፣ አንድ ቦታ ብቻ!

አሁን የአባቴ አራተኛ ሙት ዓመት ደረሰና እማዬ፣ “ያቺን በራችን ላይ ተቀምጦ የተነሣትን ለቅዳሜ አሳጥበህ አምጣልኝ” አለችኝ። ፎልደሩን ስነካው ኮምፒዩተሩ ቀጥ! አጥፍቼ አበራሁት። ቀጥ! ስድስት ሰባት ጊዜ እንዲህ አደረግኩት። (ይህቺን አስታውሷት፣ በኋላ እመለስባታለሁ።)

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ዘንድ ነው። ገና ሳጥኗን ከእጄ ሳላወርድ፣ “ቫይረስ ነው ብሮ፤ ፎርማት እናደርገዋለን፣ በሁለት ሰዓት ትወስደዋለህ” አለኝ። ፎቶ አለበት ስለው፣ “ዲ ላይ ካስቀመጥከው አይነካም።” ዲ ላይ አላስቀመጥኩማ! ዴስክቶፕ ላይ ነው የደረደርኩት፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው፤ ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። አመስግኜ ታቅፌያት ተመለስኩ።

ማክሰኞ ወደ መገናኛ። ከገላን መገናኛ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ቃሊቲ ትወርዳላችሁ፤ በሳሪስ አድርጋችሁ ስታዲየም፣ ከዚያ በ22 መገናኛ። ረዳቱ ጭኔ ላይ ያለችውን ሳጥን አየት አድርጎ፣ “ፍሬንድ፣ የእሷንም ሒሳብ” አለ።

“ጭኔ ላይ ናት እኮ!”

“ቦታ ይዛለች።”

“ታቅፎ ለያዘው ልጅ ማን ይከፍላል?” አሉ ከኋላ አንዲት እናት። ታክሲው በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ከፈልኩ።

መገናኛን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፎቁ ሙሉ ኮምፒዩተርና ስልክ ነው። ደረጃው ላይ “ሽያጭ ነው? ጥገና ነው?” የሚሉ ልጆች ይቀበሏችኋል። መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር አንድ ቤት ገባሁ። ልጁ ሳጥኗን እንኳ ሳይከፍት፣ “ራም አንሷት ነው፤ ዛሬ 4 ጊጋ ማን ይጠቀማል? 8 እናድርጋት” አለኝ። ወሬው እንግሊዝኛ ስለበዛው አመንኩት። ራም ተጨመረ፣ ብር ወጣ፣ ቤት ወሰድኳት፣ አበራኋት፤ ቀጥ!

ልጁን ላለመበደል ያህል፣ የራም ማነስ ኮምፒዩተር ያንቀራፍፋል። ብሮውዘር ላይ 20 ገጽ ከፍታችሁ ለምትውሉት 4 ጊጋ አይበቃም። ራሙ ሲሞላ ማሽኑ ትርፉን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም አንፃር ኤሊ ነው። የኔ በሽታ ግን ያ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ሦስት ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ። ታስክ ማናጀር የሚባለው ይመጣና ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ ብሎ ማን ምን ያህል እንደተጨናነቀ በመቶኛ ያሳያችኋል። እዚያው ላይ ስታርትአፕ የሚለውን ብትከፍቱ ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ ሳትጠሯቸው አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ታያላችሁ፤ የማያስፈልጓችሁን ዝም አሰኟቸው። ብዙ ኮምፒዩተር በዚህ ብቻ ይቀለዋል። የኔዋ ሜሞሪዋ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ዲስኳ ግን ምንም ሳልነካ 100! ይህንን ያየሁት ብሬ ከሄደ በኋላ ነው።

ረቡዕ ማታ የድሮ ጎረቤታችን ደውሎ ምናለሽ ተራ አካባቢ ያሉ አንድ ሰው ጠቆመኝ። ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ። በሜክሲኮ አድርጌ መርካቶ መግባት እችል ነበር፤ እግሬ ግን በፒያሳ ወሰደኝ።

ፒያሳ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ በመደዳ የተተከለ መብራት አላት። የዓድዋ ድል መታሰቢያም ግዝፍ ብሎ ቆሟል። አያምርም አልልም፤ ያምራል። ግን በራችን የት ጋ እንደነበር በዓይኔ ለክቼ ላገኘው አልቻልኩም። ምልክት የማደርገው የሥጋ ቤቱን ጥግ ነበር፤ ጥጉ ራሱ የለም። ሳጥኗን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። ሰፈሩ ያለው እዚህ ጭኔ ላይ ነው፤ እሱም ቀጥ እያለ።

ምናለሽ ተራ የሚጣል ነገር የለም። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ሰውየው ከዚያ ጫጫታ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠሩት። መነጽራቸው በክር ታስሯል። ስለ ራም አላነሡም፣ ስለ ቫይረስም።

“ምን አለ ውስጧ?” አሉኝ።

“የአባቴ ፎቶ። የሰፈራችንም።”

“ሌላ ቦታ ኮፒ አለህ?”

“የለኝም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ እስካሁን ለምን ታበራታለህ?”

አንድ ጊዜ ብቻ አብርተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ አለ። ወዲያው አጠፏት።

እንደነገሩኝ ልንገራችሁ። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፤ የሚያነብ ክንድ ከላዩ ይመላለሳል። ሰሌዳው አንድ ቦታ ላይ ከተበላሸ ክንዱ ያችን ቦታ ማንበብ ያቅተዋል፤ አቅቶትም አይተውም፤ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል። ማሽኑ በሙሉ እሱን ቆሞ ይጠብቃል። “ቀጥ አለ” የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። እንዲህ በሚሞት ዲስክ ላይ ማብራት ማጥፋቱ፣ ስካን ማድረጉ፣ ፎርማት ማድረጉ ማስታመም ሳይሆን የታመመን ሰው ዳገት ማስወጣት ነው። ስድስት ሰባት ጊዜ ያጠፋሁ ያበራሁት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ዲስኩን ፈተው በኬብል ከራሳቸው ማሽን ጋር አገናኙት፤ ፎቶዎቹን ብቻ መቅዳት ጀመሩ። ቀስ እያለ ነው፤ “እስከ ነገ ይቆያል” አሉ። እስከዚያው ሳጥኗን ከፈቷት። አቧራው ብርድ ልብስ ሆኗል። አቧራውን ጠርገው ከማራገቢያው ላይ ነጭ ክር መዘው አወጡና፣ “ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ?” አሉኝ። የእማዬ ዳንቴል! እማዬ ቴሌቪዥኑንም፣ ሬዲዮኑንም፣ ኮምፒዩተሩንም በዳንቴል ነው የምታለብሰው። የአየር መውጫውን ሸፍናዋለች፣ ከጎኑ ደግሞ የቡናው ከሰልና እጣን አለ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ይቀዘቅዛል… ማለቴ ሥራውን ይቀንሳል፤ ከባሰበትም ጭራሽ ይጠፋል። እናታችሁ የምታለብስ ከሆነ በዘዴ ንገሯት። ስትጠርጉት ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ፣ በደረቅ ብሩሽ ነው። ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፓስታም ሲደርቅ ይቀየራል፤ የኔው እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

መብራት ደጋግሞ ይሄዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሄዳል። ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ከሄደ ፋይሉ ይበላሻልና ዩፒኤስ ግዛ አሉኝ። አልገዛሁም፣ ገና ነኝ።

በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ ገባላት፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ጋዜጣው ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል። ለመገናኛው ራም ካወጣሁት ጋር ደምሬ ግን ቆጭቶኛል። አሁን የእማዬ ቡና ሳይቆላ ማሽኗ ተከፍታ ትጠብቀኛለች። ዊንዶውስ 10 ላይ መሆኗን ሲያዩ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ ነገሩኝ፤ ለ11 ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። “የባንክ ነገር አትሥራባት፣ ፎቶህን እይባት” ነው ያሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሄድኩ። ከ640ው 611ዱ ሙሉ ሆነው ወጥተዋል። 29ኙ ግማሽ ናቸው፤ ከላይ ጥርት ብለው ከታች ግራጫ። የፈረደበት ነገር ሆኖ የአባቴ ፎቶ ከ29ኙ አንዷ ናት። ፊቱ አለ፣ ጋቢው እስከ ደረቱ አለ፤ ከዚያ በታች ግራጫ ብቻ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ሞክረዋል፤ አልሆነም። ሁሉንም በፍላሽ ሰጡኝ። አንዱን ቅጂ እህቴ ቤት አደረስኩ፣ አንዱን ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእማዬ ጋር ፎቶ ቤት ሄድን። ልጁ ምስሉን ስክሪኑ ላይ አየና፣ “ማዘር፣ የታችኛውን ልቁረጠውና ፊታቸውን ብቻ ላድርገው?” አላት።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና ግራጫውን በጣቷ ነካችው።

“አትቁረጠው” አለች። “እዚህ ጋ እኔ ነኝ፤ ቡና እያፈላሁ።”