አስመሳዩ ትእዛዝ

በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር የሁለት ክፍል ተማሪዎቼን ማርክ በአንድ ማታ አጠፋሁት። ይህን የምጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ እንደ እኔው ስክሪፕት እየጻፉ ሥራቸውን የሚያቃልሉ ወጣቶች እንዲጠነቀቁ ብዬ ነው።

የመምህራን ክፍሉ ኮምፒዩተር የብዙ ሰው መገልገያ ስለ ሆነ፥ ማርክ በላዩ እንዲያድር አልፈለግሁም። ስለዚህ ፋይሎቹን በየማታው ወደ ፍላሽ የሚገለብጥና ከኮምፒዩተሩ የሚሰርዝ አጭር ስክሪፕት በባሽ ጻፍሁ። ብዙ ቀን ያለ እንከን ሠራ። በዚያን ማታ ግን ፍላሹ ሞልቶ ነበርና መገልበጡ አልተሳካም፤ ስክሪፕቱ ግን ምንም ሳይጠይቅ ወደ መሰረዙ አለፈ። የመልስ ወረቀቶችን ከተማሪዎቹ ለምኜ ሰብስቤ እንደገና አረምሁ። ወረቀቷን የጣለች አንዲት ልጅ፥ “ቲቸር፥ የእኔስ?” ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ያለ ጥፋቷ ፈተናውን ደግማ ተቀመጠች።

ወደ ቤቴ ስሄድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አልፋለሁ። እዚያ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ አብራሪዎች ሲሙሌተር በሚባለው የአውሮፕላን አምሳያ ይለማመዳሉ። ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን የሚማሩት መንገደኛ ጭነው በሰማይ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ ግን ስክሪፕቴን የሞከርሁት መንገደኞቹን ጭኜ ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ አስመሳይ ፈንክሽን ነው። በባሽ፥ ሲፒ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ ስም ፈንክሽን ቢያበጁ፥ ስሙ ሲጠራ ከእውነተኛው ትእዛዝ ቀድሞ ፈንክሽኑ ይመልሳል። ስክሪፕቱ በሌላ ባሽ የሚሠራ ከሆነ ግን ፈንክሽኑን አስቀድሞ ኤክስፖርት ማድረግ ያስፈልጋል። አስመሳዩን ሲፒ ምንም ሳይገለብጥ 1 እንዲመልስ አደረግሁት፤ ይህም “አልተሳካም” ማለት ነው። አስመሳዩን አርኤም፥ ማለት መሰረዣውን፥ ምንም ሳይሰርዝ መጠራቱን ብቻ እንዲመዘግብ አዘዝሁት። መገልበጡ ካልተሳካ መዝገቡ ባዶ መሆን አለበት። ስከፍተው ግን የመሰረዙ ጥሪ ተጽፎ አገኘሁ። አንድም ፋይል ሳይነካ ጥፋቴ ተያዘ! “የፊተኛው ከተሳካ ብቻ” የሚለውን ምልክት በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ባስገባሁ ጊዜ መዝገቡ ባዶ ሆነ።

ይሁን እንጂ አስመሳይ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ሁልጊዜ “ተሳክቷል” እንዲል ባደርገው ኖሮ ሲያሞኘኝ ይኖር ነበር። ደግሞም ስክሪፕቱ ትእዛዙን በሙሉ አድራሻው ቢጠራው፥ አስመሳዩን አልፎ እውነተኛውን ያገኛል። ስለዚህ ሙከራውን ቢጠፉ በማያሳዝኑ ፋይሎች ላይ ማድረግ ይገባል።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ከተቃጠለ በኋላ ተማርሁ። ያን ጊዜ መፈተን የነበረበት ስክሪፕቴ እንጂ ያች ልጅ አልነበረችም።