ቀይዋ መብራት

ዛሬ የምናካፍላችሁን ያገኘነው በመድረክ ላይ ሳይሆን በአንዲት አሮጌ ቮልስ የኋላ ወንበር ሥር ነው።

እኛ ባልና ሚስት ከቤተሰብ የወረስናት፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ አለችን። ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ዓይነት ትንሽ መኪና ነበር። እኛ ደግሞ ለቅሶም ሰርግም፣ የጸሎት ፕሮግራምም ስንሄድባት ኖረናል።

ባለፈው ክረምት፣ ማታ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አፍንጮ በር ዳገቱን ስንወጣ፣ የፊት መብራት ባበራን ቁጥር በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የቻርጅ መብራት ፈዘዝ ብላ ትታይ ጀመር። ቀን ቀን አትታይም። ከኋላ የተቀመጠችው ትንሿ ልጃችን “ቀይ በርቷል!” ስትል፣ “ትንሽ ናት፣ ምንም አይደለም” እንላት ነበር።

አንድ ጠዋት ሞተሪኖው “ጨክ” ብሎ ዝም አለ። ባትሪው አርጅቷል ብለን አዲስ ገዛን። ሦስት ሳምንት ሠራና ያም ሞተ። በሰው ግፊ አስነሥተን፣ እዚያው አፍንጮ በር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወሰድናት።

“ጋሼ፣ አዲሱ ባትሪ ተበላሸብን” አልናቸው።

“ፓስተር፣ ባትሪ እኮ የተሰጠውን ያስቀምጣል እንጂ ከራሱ አያመነጭም” አሉን።

መጀመሪያ ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩት። በቮልስ ይህ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም ያዞራል፤ ቮልስ ራዲያተር የላትምና። “ቀይዋ በመንገድ ላይ ድንገት ቦግ ካለች ወዲያው ቆማችሁ አጥፉ። ‘ቤት ልድረስ’ ያለ ሰው ሞተር ያቃጥላል” አሉን። ቺንጋው ደህና ነበር።

ቀጥለው ቴስተር አወጡ። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ የእኛው 12.1 አለ። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 14 መድረስ ነበረበት፤ 12.3 ላይ ቆመ። እኛ ይህን ስናይ “እንግዲህ ዲናሞ ልንገዛ ነው” አልን። እርሳቸው ግን የቴስተሩን ጫፍ ዲናሞው ላይ አደረጉ። 14 አሳየ።

“ዲናሞው እየሠራ ነው። የሠራው ግን አይደርስም” አሉ።

የኋላውን ወንበር አነሡት። ባትሪውና ሬጉሌተሩ እዚያ ሥር ጎረቤት ናቸው። ከሬጉሌተሩ ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር፤ ከባትሪው የሚወጣው እንፋሎት ለዓመታት ቀስ በቀስ በልቶታል። የቀይዋም ምሥጢር ይኸው ነበር። መብራቷ በአንድ ወገን ከዲናሞው፣ በሌላው ወገን ከባትሪው ጋር የተገናኘች ናት። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ትጠፋለች፤ ሲለያዩ ትታያለች። የፊት መብራት ሲበራ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ብቻ አየናት።

ጋሼ አስቀድመው የባትሪውን ማሳ ፈቱ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረጉ፣ የሽቦውን ጫፍ ቀየሩ፣ አጠበቁት። ሞተሩ ተነሣ፤ ባትሪው ላይ 13.9። ቀይዋ ጠፋች። የከፈልነው የባትሪውን ዋጋ ሩብ አይሆንም።

ያን ማታ ቤታችን ገብተን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ዲናሞው ያመነጨው ባይደርሳትም መኪናዋ ወዲያው አልቆመችም ነበር፤ በባትሪው ላይ በቀረው ትሄድ ነበር። በመሳፍንት 16 የሶምሶን ነገር የሚያስፈራን ለዚህ ነው፤ ኃይሉ ሲሄድ ድምፅ አላሰማም።

እኛም እንሰብክ ነበር፣ እናማክር ነበር፣ ለታመሙ እንጸልይ ነበር። በዚያው ክረምት ልጃችን “ድሮ ማታ ማታ አብረን እንጸልይ ነበር፤ ለምን ተውን?” ብላ ጠይቃን፣ “አገልግሎት በዝቶ ነው” ብለናት ነበር። ድካሙ ሲበረታ ሦስት ቀን ከከተማ ወጥተን ጾመን ተመለስን። እርሱም እንደ አዲሱ ባትሪ ጥቂት ሳምንት አቆየን። ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን መነጋገር እንኳ ከበደን። ጌታ የራቀ መስሎን ነበር። ጌታስ አልራቀም፤ የዛገው የእኛው ጫፍ ነበር።

ልጃችንን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅናት። ስልኮቻችንን አጥፍተን አጠገቧ ተንበረከክን። ትልቅ ነገር አልሆነም፤ ጸሎቱም አጭር ነበር፤ የመጀመሪያዋም ጸላይ እርሷ ነበረች። አሁንም የሚያመልጠን ማታ አለ። ሲያመልጠን ግን “ምንም አይደለም” አንላትም።

ወገኖች፣ በቤታችሁ ማታ ማታ ፈዘዝ ብላ የምትታይ ቀይ መብራት ካለች፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩን አንሥታችሁ እዩ። የምትነግራችሁ ትንሽ ልጅ ብትሆንም ስሟት።

ጌታ ይባርካችሁ።